ጣና ላይ ለሚሠራ ጀልባ ጄኔሬተር፦ በአየር ይቀዝቅዝ ወይስ በውሃ?

ጄኔሬተር ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ዋት ነው?» ብሎ ነው። ለጀልባ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ፤ «ሙቀቱና ጭሱ በየት ይወጣሉ?»። ግቢ ውስጥ የሚቆም ጄኔሬተር ዙሪያው ሁሉ አየር ነው፤ ቢግል እንኳ ጉዳቱ ለራሱ ነው። ጀልባ ላይ ሞተር፣ ነዳጅ፣ ባትሪና ሰው በጥቂት ሜትር ውስጥ ተፋፍገው ይውላሉ፤ ችግር ሲመጣም ወጥቶ የሚቆሙበት ደጅ የለም።

ይህን የምጽፈው ከባሕር ዳር እየተነሱ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለሚመላለሱ፣ አንዳንዴም ሐይቁ ላይ ለሚያድሩ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ባለቤቶች ነው። ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ወይም ጫሞ ላይ የሚሠራ ሰውም አብዛኛውን እንዳለ ሊወስደው ይችላል፤ ከፍታው ስለሚለያይ ቁጥሮቹን ብቻ ያስተካክል።

መጀመሪያ ሙቀቱን እንቁጠር

5 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የናፍጣ ጄኔሬተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ በሰዓት ሁለት ሊትር የማይሞላ ነዳጅ ይበላል። ከዚያ ነዳጅ የሚወጣው ጉልበት ግን ወደ 18 ኪሎ ዋት ይጠጋል። 5ቱ በሽቦ ይወጣል፤ የቀረው 13 ሁሉ ሙቀት ነው። ግማሽ ያህሉ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ሌላው ግማሽ ከሞተሩ ገላና ከዲናሞው ይወጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት እንደሚወስድ ያስቡና፣ ሁለት የጋሉ ምጣዶች በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተዘግተው ሲውሉ ይታይዎት። የጀልባ ጄኔሬተር ሣጥን ማለት ያ ነው።

ጣና ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ይህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በመጀመሪያ ሞተሩ ይደክማል። የብዙ አምራቾች መመሪያ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይናገራል፤ ስለዚህ 2 ኪሎ ዋት የተጻፈበት የቤንዚን ጄኔሬተር ባሕር ዳር ላይ 1.6 ቢሰጥ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ብዙም አይወራበትም። የማቀዝቀዣው ቬንትሌተር የሚገፋው አየር በመጠን ያው ሆኖ በክብደት ስለሚያንስ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ለባሕር የተሠራ ሣጥን እንዳለ ተገልብጦ ጣና ላይ ሲሠራ የሚግለው ለዚህ ነው፤ የአየር ቀዳዳዎቹ ቢያንስ በሩብ መስፋት አለባቸው።

ካርቡራተር ያለው የቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ከሁሉ የሚከፋው ግን ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ለከፍታ በተሠራው በጠባቡ ማስቀየር ለኪስም ለሕይወትም ይጠቅማል።

ሜዳ ላይ የሚቀመጥ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ጄኔሬተር

በእጅ የሚነሳው፣ እንደ ሻንጣ ተሸፍኖ የሚመጣው ዓይነት ነው። ለስልክ፣ ለመብራት፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለትንሽ ፍሪጅ ይበቃል። ዋጋው ይቀላል፣ ሲበላሽ አውርዶ መካኒክ ቤት መውሰድ ይቻላል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ምንም ቀዳዳ አይፈልግም። ጀልባው ጣሪያ ብቻ ኖሮት ጎኑ ክፍት ከሆነና ጭነቱ ከ1.5 ኪሎ ዋት ካልበለጠ ከዚህ የተሻለ ብዙ አይገኝም።

ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ክፍት ቦታ ላይ ይቆይ። ዝናብ መጣ ተብሎ በሸራ ይጠቀለላል፣ ድምፁ በዛ ተብሎ መቀመጫ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ በራሱ የጋለ ትንፋሽ ይታፈናል። ከየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ ሜትር ባዶ ይተዉለት። ጭስ ማውጫው ከጀልባው ውጭ ይዙር፣ ከተሳፋሪም ይራቅ። ቤንዚን ሲሞላም ተወርዶ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መሬት ላይ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጀልባ ውስጥ ከተሞላ የጀልባው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል።

ሣጥን ውስጥ የገባ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ

ብዙ ሰው የሚሞክረው፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳትበት ይህን ነው። ለመሬት የተሠራ ርካሽ የናፍጣ ጄኔሬተር ይገዛና ከኋላ በኩል ሣጥን ይሠራለታል። ሣጥኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበሳና አለቀ ይባላል።

ሒሳቡን እንየው። 6 ኪሎ ዋት ሙቀት ከሣጥን ለማውጣትና የውስጡ አየር ከውጭው ከ15 ዲግሪ በላይ እንዳይግል፣ ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 1,200 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል። ጣና ላይ ለዚያው ሥራ ወደ 1,500 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ሞተሩ ለማቃጠል የሚስበው አየር ከዚህ ውስጥ አርባ ሜትር ኩብ ቢሆን ነው፤ የቀረው ሁሉ ለማቀዝቀዝ ብቻ የሚያልፍ ነው። አየሩ በሴኮንድ 5 ሜትር እየሄደ ይህን ለማሳለፍ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ንጹሕ ክፍተት ይፈልጋል። ወንፊትና የዝናብ መከላከያ ቅጠል ሲገባበት ግማሹ ይደፈናል፤ ስለዚህ ቀዳዳው 40 በ40 ያህል ይሆናል። ይህ ደግሞ ለመግቢያው ብቻ ነው፤ መውጫው ከዚያ አያንስም። በአምስትና በስድስት ሜትር ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ሁለት መስኮት የሚበሳበት ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ነው ይህን ምርጫ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ለሆነ ጄኔሬተር የማልመክረው።

ቦታውን ካገኙ ሁለት ነገር ይጠብቁ። የጋለው አየር ሣጥኑ ውስጥ ፈስሶ ከዚያ ቀዳዳ እንዲፈልግ አይተዉት፤ ከሞተሩ ቬንትሌተር መውጫ ተነስቶ እስከ ሣጥኑ ግድግዳ በላሜራ ቱቦ ተይዞ በቀጥታ ይውጣ። ካልሆነ ያው የጋለ አየር ዞሮ ይገባና ሞተሩ የራሱን ሙቀት ደጋግሞ ይጠጣል። አንድ ጀልባ ላይ ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ቬንትሌተር ጨምሮ ያልበረደለትን ሣጥን አይቻለሁ፤ መፍትሔው በሞተሩና በግድግዳው መሃል የቀረችውን አንድ ስንዝር ክፍተት መዝጋት ብቻ ነበር። ሌላው፣ የሞተሩ ቬንትሌተር የመግፋት አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ረጅምና የተጠማዘዘ ቱቦ ያሸንፈዋል። ቱቦው ከአንድ ሜትር ከረዘመ ወይም ከአንድ ጊዜ በላይ ከታጠፈ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ረዳት ቬንትሌተር ያስፈልገዋል፤ ያም ጄኔሬተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ፣ ከጠፋም በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል የሚቆይ ይሁን። የቆመ ሞተር ለጊዜው ሙቀቱ ይጨምራልና።

መግቢያው ዝቅ ብሎ ቀዝቃዛው አየር ካለበት፣ መውጫው ከፍ ብሎ በተቃራኒው ጎን ይሁን። ሁለቱም በአንድ ወገን ከሆኑ ነፋስ የወጣውን መልሶ ያስገባዋል። የቤንዚን ሞተር ግን፣ በምንም ዓይነት ዘዴ ቢሆን፣ ሣጥን ውስጥ አይግባ። ለጀልባ ተብሎ ያልተሠራ የቤንዚን ሞተር ዲናሞውም ማስነሻውም ብልጭታ ይረጫል።

የሐይቁን ውሃ በቀጥታ የሚጠጣ

የባሕር ጄኔሬተር የሚባለው እዚህ ይጀምራል። ፓምፕ ከጀልባው ሆድ በታች ውሃ ይስባል፣ ሞተሩ ውስጥ ያዞራል፣ መጨረሻ ላይ ጭሱ ውስጥ ይረጨዋል፤ ውሃና ጭስ አብረው በጎማ ቱቦ ይወጣሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ወደ 2 ኪሎ ዋት ስለሚወርድ በሰዓት 500 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃዋል፤ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር ንጹሕ ክፍተት ማለት ነው። የጭስ ቱቦው በእጅ የሚነካ ይሆናል፣ ድምፁም ይለዝባል።

ግን ጣና የሜዲትራኒያን ውሃ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር አካባቢ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ጭቃው ከሥር ይገለበጣል፣ በክረምት ደግሞ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ደለል ይዘውበት ይገባሉ። በዚያ ላይ እምቦጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ ከተመዘገበ ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ አስጨንቋል፤ ሥሩ እንደ ፀጉር የተንዘረፈፈ ስለሆነ የውሃ መሳቢያ አፍ ላይ ሲጠመጠም ደቂቃ አይፈጅም። የፓምፑ የጎማ ክንፍ ደግሞ የሚለሰልሰው በሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይቃጠላል፤ የተቆራረጠው ጎማም ሞተሩ ውስጥ ገብቶ መንገድ ይዘጋል። ውሃ የማይደርሰው የጭስ ቱቦም ጎማ ነውና ይቀልጣል።

አንድ የተደበቀ አደጋም አለ። ውሃው ጭሱ ውስጥ የሚረጭበት ቦታ ከሐይቁ ወለል በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው በራሱ እየተሳበ ገብቶ ሲሊንደሩን ይሞላል። አየር የሚያስገባ ቫልቭ ያለው፣ ወደ ላይ ቀስት የሠራ ቱቦ ይገባበታል። አልነሳ ብሎ ደጋግመው ሲያዞሩት ደግሞ የውሃውን ቫልቭ ይዝጉ፤ የማይሠራ ሞተር ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣበት ጭስ የለውም።

ሁሉን ስመዝነው፣ ለጣና ይህን አልመርጥም። ደለሉ በሞተሩ የውሃ መንገዶች ውስጥ ይጋገራል፤ ሞተሩን ሳይፈቱ የሚጠረግበት መንገድ ደግሞ የለም።

ውስጡ ዝግ ውሃ ያለው

ይህ ከፊተኛው ጋር ወንድማማች ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው የራሱ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ የሐይቁ ውሃ ከኩላንቱ ጋር ሳይገናኝ በጠባብ የመዳብ ቱቦዎች ውስጥ አልፎ ሙቀቱን ብቻ ይወስዳል። ደለል ቢገባ ቱቦዎቹ ተከፍተው በዘንግ ይጠረጋሉ እንጂ ሞተሩ አይነካም። ለባሕር የሚሸጡ የናፍጣ ጄኔሬተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

የፓምፑና የእምቦጩ ጣጣ ግን እንዳለ ነው። ማጣሪያው ክዳኑ የሚታይ፣ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን የተሠራ ይሁን፤ አንዱ ሲደፈን ወደ ሌላው አዙሮ የመጀመሪያውን መጥረግ ይቻላል። የፓምፑ የጎማ ክንፍ መለወጫ ሁለት ይያዙ፣ በዓመት አንዴም ሳይበላሽ ይለውጡት። መሳቢያው ከጀልባው ጠርዝ ርቆ ወደ መሃል ይግባ።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገለ የባሕር ጄኔሬተር ለማስመጣት ለሚያስቡ ሁለት ነገር ልበል። እነዚያ ሞተሮች ከ30 ዲግሪ በላይ ለሚግል የባሕር ውሃ የተሰናዱ ስለሆኑ የጣና ውሃ ለእነሱ ምቾት ነው። ነገር ግን የሙቀት መለዋወጫውን ክዳን ሳያስከፍቱ አይግዙ፤ ጨው የበላው ቱቦ ከውጭ አይታይም። አብሮት የመጣውን የዚንክ አኖድም (በብረቱ ፋንታ ራሱ የሚበላውን ቁራጭ) አውጥተው በማግኒዝየም ይተኩት። ዚንክ ለጨው ውሃ ነው፤ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ቅርፊት ይይዝና ብረቱን መጠበቅ ያቆማል።

ጣና አይበርድም ተብሎ በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውሃ መሙላት የተለመደ ነው። ኩላንት የሚያስፈልገው ለበረዶ ብቻ አይደለም፤ ዝገት ይከላከላል። በዚህ ከፍታ ደግሞ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የታንኩ ክዳን ግፊት የሚይዝና ጎማው ያልደረቀ መሆን አለበት። ክዳኑ ሲያረጅ ምንም ሌላ ጉድለት የሌለበት ሞተር ይፈላል፤ ሰው ተርሞስታት ሲለውጥ ይከርማል።

በጀልባው ሆድ የሚቀዘቅዝ

ጀልባዎ ከላሜራ የተበየደ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። ከጀልባው ሆድ ጋር የተበየደ ጠፍጣፋ ታንክ ይሠራና ኩላንቱ በዚያ ውስጥ ያልፋል፤ ከላሜራው ማዶ ያለው ሐይቅ ያቀዘቅዘዋል። የሐይቅ ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መሳቢያ የለም፣ ማጣሪያ የለም፣ የጎማ ክንፍ የለም፣ እምቦጭም ደለልም የሚደፍነው ነገር የለም። ለጣና እንደዚህ የሚስማማ አላውቅም።

በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ የሚሠሩ የብረት ጀልባዎች ይህን ከድሮ ጀምሮ ይጠቀሙበታል፤ የፈረስ ጉልበቱን ለአራት አካፍሎ የሚገኘውን ያህል ስኩዌር ጫማ የታንክ ገጽ መስጠት የእነሱ ልማድ ነው። 10 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር 0.23 ስኩዌር ሜትር ማለት ነው። የእነሱ ውሃ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ የጣና ወለል በሃያዎቹ ዲግሪዎች ውስጥ ይውላል። ጄኔሬተር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጀልባው ቆሞ ሳለ ስለሆነ ታንኩ ሥር ያለው ውሃ ሞቆ ይቆያል። እኔ ብሆን ቢያንስ እጥፍ አደርገዋለሁ፤ አንድ ቁራጭ ላሜራ መጨመር ከሞተር አይወደድም። ታንኩ ውስጥ ውሃው እየተጠማዘዘ እንዲሄድ መከፋፈያ፣ ከላይኛው ጫፉ ላይም አየር ማስወጫ ቡሎን ይኑረው። የታሰረ አየር ካለ ግማሹ ታንክ ሥራ ፈት ነው።

ጉድለቱ ጭሱ ደረቅ መሆኑ ነው። ውሃ ስለማይረጭበት ቱቦው ከ400 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ሙቀት በሚችል ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከእንጨትና ከፋይበር ግላስ ርቆ፣ ማርሚታውም ከሣጥኑ ውጭ ሆኖ መሄድ አለበት። የእንጨት ወይም የፋይበር ግላስ ጀልባ ከሆነ ታንክ መበየድ አይቻልም፤ ከሆዱ ውጭ የመዳብ ቱቦ የሚገጠምበት መንገድ አለ፣ ግን ዳርቻ ላይ እየተጎተተ ለሚወጣ ጀልባ ቱቦው አይበረክትም።

ስለ ጭሱ

በክረምት የከሰል ማንደጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም። ያ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጄኔሬተር የሚያወጣውም ያንኑ ነው፤ ቤንዚን ብዙ፣ ናፍጣ ያነሰ። ክፍት አየር ላይ ነን ማለትም አያድንም። በአሜሪካ ሌክ ፓወል በሚባለው ሐይቅ ላይ ጄኔሬተር ካላቸው የቤት ጀልባዎች ኋላ ሲዋኙ ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሪቱ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ባደረገው ምርመራ ከመዋኛ መድረኩ ሥር የተጠራቀመው ጋዝ ለሞት የሚያበቃ ሆኖ ተገኘ። የተቋሙ ምክር ጭሱ ወደ ኋላ በውሃው ወለል ከሚወጣ ይልቅ በቀጥ ያለ ቱቦ ከጣሪያው በላይ ይውጣ የሚል ነበር። ስለዚህ ከላይ ጉድለት ያልኩት ደረቅ ጭስ፣ ቱቦው ከጣሪያ በላይ ከፍ ካለ፣ ወደ ጥቅም ይዞራል።

ጀልባ ሲጓዝ ኋላው ላይ አየሩ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ከኋላ የወጣ ጭስ ወደ ተሳፋሪው ይመለሳል። የፊቱን ሸራ ዘግቶ የኋላውን ክፍት መተው ይህን ያባብሰዋል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ፣ ሰው በሚተኛበት ከፍታ ላይ፣ በማንኛውም ዓይነት ምርጫ ውስጥ የግድ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የመጣበትን ተሳፋሪ ሞገዱ ነው ብለው አይለፉት፤ መጀመሪያ ጄኔሬተሩን ያጥፉ።

ዋናው ሞተር ቤንዚን ሆኖ ውስጥ ከተገጠመ ደግሞ ከማስነሳት በፊት ማናፈሻው ለ4 ደቂቃ ይሥራ፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደንብ የሚያዘው ይህንኑ ነው። የማናፈሻው መሳቢያ ቱቦ ወደ ጀልባው ሆድ ታችኛው ክፍል ይውረድ፤ ከላይ ተንጠልጥሎ ትነቱን አያገኘውም።

ጄኔሬተር ያስፈልግዎታል?

ከመወሰን በፊት የሌሊቱን ጭነት በወረቀት ይደምሩት። መብራት፣ ትንሽ ፍሪጅና ስልክ ተደምሮ 300 ዋት ቢሆን ስድስት ሰዓት ሲሠራ 1.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 2.5 ይይዛል፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ከተዘረጋ ቀን ይሞላል። በአሲድ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም የሚቻለው፤ ሁለት ያስፈልጋል። ለዚህ ያህል ጭነት ጄኔሬተር መግጠም ትርፉ ድካም ነው። ምግብ በኤሌክትሪክ የሚበስልበት፣ ዓሣ የሚቀዘቅዝበት ወይም ውሃ የሚሳብበት ጀልባ ግን ጄኔሬተር ይፈልጋል። ያን ጊዜ ላሜራ ከሆነ በሆድ የሚቀዘቅዘውን፣ ፋይበር ግላስ ወይም እንጨት ከሆነ ውስጡ ዝግ ውሃ ያለውን ከሁለት ማጣሪያ ጋር እመርጣለሁ።

የመረጡት ከተገጠመ በኋላ ገጣሚውን ሳይከፍሉ አንድ ፈተና ያድርጉ። ጀልባው ቆሞ፣ የሣጥኑ ክዳን ሁሉ ተዘግቶ፣ ሁለት የውሃ ማፍያ ወይም ምጣድ ሰክተው ጄኔሬተሩን አንድ ሙሉ ሰዓት በጭነት ያሠሩት። ባዶውን የሚነሳ ጄኔሬተር ምንም አይናገርም። አንድ ቴርሞሜትር ሞተሩ አየር በሚስብበት አጠገብ፣ ሌላው ውጭ ጥላ ውስጥ ይሁን። ልዩነቱ 15 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም አንድ ሰዓት ሞልቶም እየጨመረ ከሆነ፣ አየሩ አልበቃም። ማስጠንቀቂያውም ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ቦታ ዝም ብሎ መቆየት አለበት። ይህን ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ሳለ አድርገው ካለፉ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ሲዞር ጀልባውን በሌላ አቅጣጫ አስረው ደግመው ያድርጉት።